የኮምፒውተሩ መዝገብ ቢጠፋ፤ ለመጠባበቂያ ቅጂ ስንት ጊጋባይት ይበቃል?

እህል ሊገዛ የመጣ ነጋዴ የጎተራውን ስፋት ለክቶ ዋጋ አይቆርጥም፤ በውስጡ ያለውን ነው የሚያሰፍረው። ይኸው ነጋዴ የኮምፒውተሩን መዝገብ ገልብጦ የሚያስቀምጥበት ዲስክ ለመግዛት ሲወጣ ግን ጎተራውን ለክቶ ይመጣል። «የእኔ ሐርድ ዲስክ 1 ቴራ ነውና ባለ 1 ቴራ ስጠኝ» ይላል። ሻጩም ይሰጠዋል። ኮምፒውተሩ ሦስት ከሆነ ሦስት ቴራ ሊያስፈልግ ነው በሚል ሒሳብ ዋጋው ይከብደውና «ለከርሞ እናየዋለን» ብሎ ነገሩን የሚተወውም ብዙ ነው። ትርፍ ዲስክ የገዛው ጥቂት ብር ያጣል። የተወው ግን የሚያጣው ምን እንደሆነ የሚያውቀው ከጠፋ በኋላ ነው።

ድሬዳዋ ላይ ይህ ነገር ለይስሙላ የሚነገር ምክር አይደለም። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም. የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከተማይቱን ሲመታ ከ200 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል፤ በሺሕ የሚቆጠሩም ከቤታቸው ተፈናቅለዋል። ከሰው ሕይወት ጋር የሚወዳደር ነገር የለም። ከዚያ ሌሊት የተረፈ ነጋዴ ግን በማግሥቱ ማን ስንት ዕዳ እንዳለበት፣ ለማን ስንት እንደሚከፍል፣ ምን ዕቃ በመንገድ ላይ እንዳለ ማወቅ ነበረበት። ጎርፍ ሌጀርና ክላሴርን ካዝና ከነዲስኩ ይወስዳል፤ ኮምፒውተሩንም መጠባበቂያውንም በአንድ ክፍል ያስቀመጠ ሰው ሁለቱንም በአንድ ሌሊት ያጣል።

የሕጉም ነገር አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ነጋዴው መዛግብቱን ለ10 ዓመት እንዲያቆይ ያዝዝ ነበር። የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008ም መዝገብ መያዝንና ማቆየትን ግዴታ አድርጎታል፤ መዝገብ ማቅረብ ያልቻለውን ግብር ከፋይ ባለሥልጣኑ በግምት ሊወስንበት ይችላል። በግምት የተወሰነ ግብር ምን ማለት እንደሆነ ለነጋዴ ማስረዳት አያስፈልግም። ስለዚህ ዲስክ ሲገዛ የሚታሰበው የዘንድሮው ሥራ ብቻ ሳይሆን የዓመታት ክምችት ነው።

ሁለት ዓይነት ስፍር

ከሒሳቡ በፊት አንድ የሚያጣላ ነገር መጽዳት አለበት። በካርቶኑ ላይ «1 ቴራ» ተብሎ የተጻፈ ዲስክ ኮምፒውተሩ ላይ ሲሰካ 931 ጊጋባይት ብቻ ያሳያል። ባለ 500ው 465 ይሆናል፤ ባለ 2 ቴራው ደግሞ 1,862። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ተታለልሁ ብሎ ወደ ሱቁ ይመለሳል። የሰረቀ የለም፤ ስፍሩ ነው የተለያየው። ፋብሪካው አንድ ጊጋባይት የሚለው 1,000,000,000 ባይትን ነው። ዊንዶውስ ደግሞ 1,073,741,824 ባይት ካልሞላ አንድ ብሎ አይቆጥርም። ቡናውን በ17 ኪሎ ፈረሱላ ቆጥሮ ያመጣ ሰው በትልቅ ቁና የሚሰፍር ገዥ ቢገጥመው ቁጥሩ እንደሚያንስበት ማለት ነው፤ ቡናው ግን ያው ነው። እንግዲህ የሚያስፈልገውን መጠን ከኮምፒውተሩ ላይ አንብቦ የሚያሰላ ሰው የካርቶኑን ቁጥር በ0.93 አባዝቶ ማወዳደር አለበት።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ለምሳሌ ያህል በመጋላ አካባቢ የሚሠራ አንድ የጉምሩክ አስተላላፊ ቢሮ አለ እንበል። ኮምፒውተሩ ባለ 1 ቴራ ነው። ባለቤቱ ዲስኩን በቀኝ ጠቅ አድርጎ «ፕሮፐርቲስ» የሚለውን ቢከፍት የተያዘው 310 ጊጋባይት መሆኑን ያያል። 931 የሚለው የጎተራው ስፋት ነው፤ 310 የእህሉ ልክ ነው። የመጀመሪያው ግማሽ ሸክም እዚህ ላይ ወረደ።

ከ310ሩ ውስጥስ ስንቱ ፍሬ፣ ስንቱ ገለባ ነው? ዊንዶውስና ፕሮግራሞቹ 60 ጊጋባይት ይዘዋል እንበል፤ እነዚህ ቢጠፉ እንደገና ይጫናሉ። ፊልምና ዘፈን 95። ከቴሌግራም የወረደው ልዩ ልዩ ነገር 25። የቀረው 130 ጊጋባይት የቢሮው ሥራ ነው፤ ይኸውም የፒችትሪ ሒሳብ 1፣ የወርድና የኤክሴል ጽሑፎች 4፣ በስካነር የተነሡ ዲክላራሲዮኖች፣ የጭነት ሰነዶችና የባንክ ወረቀቶች 75፣ የዕቃ ፎቶግራፎች 40፣ የኢሜይል ሣጥን 10። ልብ ሊባል የሚገባው ቢጠፋ ቢሮውን የሚዘጋው ነገር ከሁሉ የሚያንሰው መሆኑ ነው። የ10 ዓመት ዕዳና ክፍያ የያዘው ሒሳብ የአንድ ፊልም ያህል እንኳ አይመዝንም።

በ1980ዎቹ መጨረሻ 500 ሜጋባይት የያዘ ኮምፒውተር ለመገልበጥ 350 ያህል ፍሎፒ ዲስክ ያስፈልግ ነበር፤ እያንዳንዱ የሚይዘው 1.44 ሜጋባይት ነበርና። በዚያ ዘመን ሒሳብ ሹሙ ምርጫ አልነበረውም፤ የሚገለብጠው ሒሳቡን ብቻ ነበር። ዛሬ ቦታ ሲበዛ የመምረጡ ልማድ ጠፋ።

የሚረሱ ነገሮች

የመጠን ግምት ከሚሳሳትባቸው ምክንያቶች ዋናው የሥራው ፋይል የት እንደተቀመጠ አለማወቅ ነው። ብዙ ቢሮዎች «ማይ ዶክመንትስ» የተባለውን ፎልደር ገልብጠው ሁሉን ያዝን ይላሉ። ፒችትሪ ግን ድርጅቱን የሚመዘግበው በዚያ ውስጥ አይደለም፤ በራሱ ፎልደር ሥር ነው። ስለዚህ ከፕሮግራሙ የፋይል ዝርዝር ውስጥ «ባክአፕ» የሚለውን ትእዛዝ ተጠቅሞ ማውጣት ያስፈልጋል፤ ሌሎች ተጠቃሚዎች በዚያን ሰዓት ፕሮግራሙን መዝጋት አለባቸው። ዴስክቶፕ ላይ የተዘረገፈውም አብዛኛውን ጊዜ ይረሳል፤ የአብዛኛው ቢሮ የዕለት ሥራ ደግሞ ያለው እዚያ ነው።

ሌላው የፊደል ጉዳይ ነው። ቪዥዋል ግዕዝና ይህን የመሰሉ የቆዩ የግዕዝ ፕሮግራሞች ባሉበት ዘመን የተጻፈ ውል ወይም ደብዳቤ፣ ፊደሉ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ምልክት ሆኖ ይታያል። ጽሑፉ አልጠፋም፤ የሚያነብበት ፊደል ነው የጠፋው። ስለሆነም የፊደሎቹ ፋይሎች አብረው መገልበጥ አለባቸው። የሚይዙት ቦታ ከቁጥር የሚገባ አይደለም።

በአንፃሩ ከሚገባው በላይ የሚመዝን ነገር አለ፤ እሱም የጥበቃ ካሜራ ነው። አንድ ካሜራ በሰከንድ 2 ሜጋቢት ቢልክ በ24 ሰዓት 21.6 ጊጋባይት ይሞላል። አራት ካሜራ 86.4 ይሆናል ማለት ነው። ባለ 1 ቴራ ዲስክ በ12 ቀን ውስጥ ይጠግባል። የካሜራውን ምስል ከሒሳቡ ጋር በአንድ ዲስክ ላስቀምጥ የሚል ሰው ሒሳቡን ለካሜራ መሥዋዕት አደረገ ማለት ነው። ካሜራው የራሱ ዲስክ ይኑረው፤ ስርቆት የታየበት ክፍል ብቻ ተቆርጦ ይቀመጥ።

ስካነሩም ልክ አለው። አንድ ኤ4 ወረቀት በኢንች 300 ነጥብ ሲነሣ 8.7 ሚሊዮን ያህል ነጥብ ይሆናል፤ በቀለም ከሆነ ሳይታመቅ 26 ሜጋባይት ገደማ ነው። ሲታመቅ እንደ ወረቀቱ ይዘት ወደ 1 ሜጋባይት አካባቢ ይወርዳል። ጸሐፊዋ «ጥራት ይኑረው» ብላ 600 ላይ ብታደርገው የነጥቡ ብዛት አራት እጥፍ ይሆናል። ለማኅተምና ለፊርማ 300 በቂ ነው። 600 ላይ የሚሠራ ቢሮ ዲስክ ከመጨመሩ በፊት የስካነሩን ቁጥር ዝቅ ቢያደርግ ይሻለዋል።

የአንድ ቅጂ ነገርና የቀናት ቅጂ

130 ጊጋባይት ሥራ ስላለ 130 ይበቃል ማለት አይደለም። አንድ ቅጂ ብቻ ያለው ሰው ትናንት የተሳሳተውን ዛሬ በትክክለኛው ላይ ይገለብጥበታል። የሒሳብ ሠራተኛው ሰኞ ዕለት አንድ ደንበኛ በስሕተት ቢሰርዝ፣ ስሕተቱ የሚታየው ብዙ ጊዜ የወሩ የተጨማሪ እሴት ታክስ ሲዘጋጅ ነው። በዚያን ጊዜ የሚያስፈልገው የሰኞ ጠዋቱ መዝገብ እንጂ የትናንቱ አይደለም። እንግዲህ ቢያንስ የአንድ ወር የኋላ ቅጂ ያስፈልጋል፤ በሳምንት ስድስት ቀን ለሚሠራ ቢሮ 26 የሥራ ቀን መሆኑ ነው።

በየቀኑ 130ውን መገልበጥ አያስፈልግም፤ የተለወጠው ብቻ ይበቃል። የተለወጠው ስንት ነው? ቢሮው በወር 80 ጉዳይ ቢይዝና ለእያንዳንዱ 30 ገጽ ቢነሣ 2,400 ገጽ ወይም 2.4 ጊጋባይት ይሆናል። ባለ 4 ሜጋባይት 200 ፎቶ 0.8 ይጨምራል። ልዩ ልዩውን አክሎ በወር 3.5 ይደርሳል እንበል፤ ለቀን ሲካፈል 0.13 ነው። ይህ እንግዲህ አዲሱ ነው።

ጉዱ ያለው አዲሱ ላይ ሳይሆን አሮጌው ላይ ነው። በአውትሉክ ለሚሠራ ሰው የኢሜይሉ ሣጥን አንድ ትልቅ ፋይል ሆኖ ሊቀመጥ ይችላል። አንዲት መልእክት ስትገባ ፋይሉ ተለወጠ ይባላል፤ ፋይል በፋይል የሚገለብጥ ፕሮግራም ደግሞ መልእክቷን ለይቶ አያወጣም፤ 10ሩን ጊጋባይት እንዳለ ይገለብጠዋል። 1 ጊጋባይት የሆነው ፒችትሪም እንደዚያው። ስለዚህ የቀኑ ሸክም 0.13 ሲደመር 1 ሲደመር 10፣ በጠቅላላው 11.13 ጊጋባይት ሆነ። በ26 ቀን 289 ይመጣል። ከጠቅላላው ሥራ ከእጥፍ በላይ መሆኑ ነው፤ ምክንያቱም የመልእክት ሣጥን ነው።

መፍትሔው ገንዘብ አይጠይቅም። ያለፉት ዓመታት መልእክቶች ተለይተው በሌላ ፋይል ቢቀመጡ፣ የዘንድሮው ሣጥን 1 ጊጋባይት ቢሆን፣ የቀኑ ሸክም ወደ 2.1 ይወርዳል። የ26 ቀኑ 55 ብቻ ነው።

አሁን ድምሩ ይሠራ። ሙሉ ቅጂ ሁለት ይያዛል፤ አዲሱ ሙሉ ቅጂ ተጽፎ ሳያልቅ መብራት ቢጠፋ አሮጌው መኖር ስላለበት ነው። ሁለት ጊዜ 130፣ 260። የቀኖቹ ለውጥ 55። ዲስኩ ለ3 ዓመት እንዲያገለግል ከተፈለገ በወር 3.5 የሚጨምረው በ36 ወር 126 ይሆናል፤ በሁለቱም ሙሉ ቅጂዎች ላይ ስለሚጨምር 252። ድምሩ 567 ነው። ዲስክ እስከ ጫፉ አይሞላምና ሩቡ ሲጨመርበት 709 ይመጣል። በኮምፒውተሩ ስፍር 931 የሚያሳየው ባለ 1 ቴራ ዲስክ ይበቃል ማለት ነው።

የመልእክቱ ሣጥን ባይከፈል ኖሮ ግን 260፣ 289 እና 252 ተደምሮ 801 ይሆናል፤ ከነሩቡ 1,001። ባለ 1 ቴራው አይችለውም። ባለቤቱ ባለ 2 ቴራ ሊገዛ ነበር ማለት ነው፤ ያውም ሁለት ዲስክ ስለሚያስፈልገው ሁለት።

ማመቅስ አያቃልልም ወይ? የሒሳብ መዝገብና የወርድ ጽሑፍ ሲታመቁ በእርግጥ ይቀንሳሉ። ፎቶግራፍ፣ ቪዲዮና የተቃኙ ሰነዶች ግን አስቀድመው ታምቀው ስለሚቀመጡ ምንም ያህል አይቀንሱም። በዚህ ቢሮ ከ130ው 115ቱ እንዲህ ያለ ስለሆነ «ፕሮግራሙ ግማሹን ያሳንሰዋል» ብሎ ትንሽ ዲስክ የሚሸጥ ሰው ሊታመን አይገባም።

ከደቻቱ ወዲህና ወዲያ

ሁለት ዲስክ የተባለው ለዚህ ነው፤ አንደኛው ቢሮ ውስጥ ሲሠራ ሌላኛው ሌላ ቦታ ይተኛል። ሌላ ቦታ ማለት የጎረቤት ሱቅ ማለት አይደለም። ሥራው መጋላ ከሆነ ዲስኩ ከዚራ ወይም ሳቢያን ይደር፤ ሥራው ከዚራ ከሆነ ወንዙን ተሻግሮ ከፍ ያለ ቦታ ያለ የዘመድ ቤት ይደር። በየቅዳሜው ይለዋወጣሉ። ከመቀመጫው ነቅሎ መውሰዱ ሌላም ጥቅም አለው፤ ፋይል ቆልፈው ገንዘብ የሚጠይቁ ቫይረሶች ኮምፒውተሩ ላይ ተሰክቶ ያገኙትን ዲስክ አብረው ይቆልፉታል። በ2009 ዓ.ም. ግንቦት «ዋናክራይ» የተባለው ቫይረስ በብዙ አገሮች ሆስፒታልና ፋብሪካ ሲያቆም የተነቀለ ቅጂ የነበራቸው ፋይላቸውን ከቅጂው መመለስ ይችሉ ነበር።

የድሬ ሙቀትም ይታሰብበት። አብዛኞቹ የውጭ ሐርድ ዲስኮች እንዲሠሩ የተፈቀደላቸው ሙቀት ከ5 እስከ 35 ዲግሪ ነው። በግንቦትና በሰኔ የከተማይቱ የቀን ሙቀት ይህን ሊያልፍ ይችላል፤ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥማ አይነገርም። እንግዲህ መገልበጡ በማለዳ ወይም ከመሸ በኋላ ቢሆን ይመረጣል፤ ዲስኩም በመኪና መሳቢያ ውስጥ አይረሳ።

ጊዜውም ይገመት። 130 ጊጋባይት በአሮጌው ዩኤስቢ 2 በሰከንድ 30 ሜጋባይት ያህል ቢሄድ 1 ሰዓት ከሩብ ገደማ ይፈጃል፤ በዩኤስቢ 3 በሰከንድ 100 ቢሄድ ከ25 ደቂቃ አያልፍም። ብዙ ትናንሽ ፋይሎች ካሉ ይዘገያል። ዩፒኤስ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ለሚይዝ ቢሮ ይህ ልዩነት ትልቅ ነው። በኢንተርኔት ልላክ ለሚል ደግሞ በሰከንድ 10 ሜጋቢት የሚሰቅል መስመር ሳይቋረጥ ቢሠራ እንኳ 130ውን ለማድረስ 29 ሰዓት ገደማ ያስፈልገዋል። የቀኑን 2.1 ግን በ28 ደቂቃ ያደርሳል። ጎግል በነፃ የሚሰጠው 15 ጊጋባይት ለፒችትሪውና ለጽሑፎቹ ይበቃል፤ ለስካኑና ለፎቶው አይበቃም።

በግዢ ጊዜ ሁለት ነገር ይታይ። በዓለም ገበያ «2 ቴራ» ተብለው በርካሽ የሚሸጡ ሐሰተኛ ፍላሾች አሉ። ኮምፒውተሩ ላይ 2 ቴራ ያሳያሉ፤ እውነተኛ ልካቸው ግን እጅግ ያነሰ ነው። ከልካቸው ሲያልፉ መልእክት አይሰጡም፤ የበፊቱን እያጠፉ ይጽፋሉ። ስለዚህ ከመደብሩ እንደመጣ እስከ ጫፉ ድረስ ሞልቶ መልሶ መክፈት ይገባል። ሁለተኛው የአሠራር ነገር ነው፤ ፍላሹ «ፋት 32» በተባለው አሠራር ከተዘጋጀ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም። ባዶ ቦታ እያለው «ቦታ የለም» የሚል ዲስክ ያጋጠመው ሰው ይህን ይመርምር።

ሰኔ 30 የሒሳብ ዘመኑ ሲዘጋ የዚያ ዓመት ፒችትሪ ለብቻው ተገልብጦ ዓመቱ ተጽፎበት ይቀመጣል። በዓመት 1 ጊጋባይት ቢሆን የ10 ዓመቱ 10 ነው። ፍላሽ ለዓመታት ሳይሰካ ሲቀመጥ የያዘውን ሊለቅ ስለሚችል ይህ የዓመት ቅጂ በሁለቱ ሐርድ ዲስኮች ላይ ቢሆን ይመረጣል። በዓመት አንድ ጊዜም በሌላ ኮምፒውተር ላይ መከፈት አለበት፤ አሮጌ የፒችትሪ መዝገብ በሌላ እትም ላይ አልከፈት ሊል ስለሚችል የፕሮግራሙ መጫኛ ከነቁጥሩ አብሮ ይቀመጥ።